መጀመሪያ የእናት እጅ፦ የዶክተር ጣሂራ ኢርሻድ የሕይወት ታሪክ

ዶክተር ጣሂራ ኢርሻድ ከአባታቸው ከአቶ ኢርሻድ ኢክረማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዘህራ ነስሩ ሰኔ 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በጎሬ ከተማ ተወለዱ። ዕለቱ የገበያ ቀን ስለነበር አባታቸው የምሥራቹን የሰሙት በጨርቅ ሱቃቸው ውስጥ ቆመው ነው። የያዙትን ጣቃ ለክተው፣ ቆርጠውና አጥፈው፣ ደንበኛቸውን መርቀው ከሸኙ በኋላ ወደ ቤት ሄዱ። ወይዘሮ ዘህራ ይህን ነገር እስከ ዛሬ አልረሱላቸውም።

አቶ ኢርሻድ ጨርቅ ሲለኩ አይስቡም ነበር። ሜትሩን ከጨርቁ ጎን አስተኝተው፣ እጃቸውን አንስተው፣ ጨርቁ በራሱ ሲረጋ ነበር የሚቆርጡት። "ጨርቅ ስቦ የሚለካ ነጋዴ ደንበኛውን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያገኘው" ይሉ ነበር። የሜትሩን ጫፍ የሚይዙላቸው ገና የአንደኛ ክፍል ተማሪ የነበሩት ጣሂራ ነበሩ። ታናሽ ወንድማቸው ነዚፍ፣ ማለትም ይህን የሚጽፈው፣ በተራው እንዲይዝ ቢሞከርም እየሳበ ስላስቸገረ ከሥራው ተሰናብቷል። ሱቁን በኋላ የወረሰው ግን እሱ ነው፤ ዛሬ ሜትሩን እንዴት እንደሚይዝ የመቱ ደንበኞቹ ይመስክሩ።

ዶክተር ጣሂራ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በጎሬ ተከታትለው፣ ቤተሰቡ በ1981 ዓ.ም. ወደ መቱ ሲዛወር የሁለተኛ ደረጃውን በመቱ አጠናቀዋል። ከክፍላቸው አንደኛ ይወጡ ነበር ማለት በእንዲህ ዓይነት ጽሑፍ የተለመደ ስለሆነ ማንም አያምነውም። እሳቸው ግን በእርግጥ አንደኛ ነበሩ፤ ካርዱ ቤት አለ፤ የተጠራጠረ መጥቶ ማየት ይችላል። በ1984 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን በከፍተኛ ውጤት አልፈው በዓመቱ ጅማ ገብተው ሕክምና ተማሩ። በ1991 ዓ.ም. በሕክምና ዶክትሬት ሲመረቁ አባታቸው ከሱቁ ምርጡን ጨርቅ አውጥተው ልብስ አሰፉላቸው። በሕይወታቸው ሳይለኩ የቆረጡት ጨርቅ እሱ ብቻ ነው ይባላል።

በ1992 ዓ.ም. ኡካ ከተማ ተመድበው ሥራ ጀመሩ። እዚያ የክትባት ማቀዝቀዣው ሲበላሽ፣ የሚጠግን ሰው ጠፍቶ፣ የፊዚክስ መምህር የሆኑት አቶ እንድሪስ ይማም ተጠሩ። አቶ እንድሪስ በ1977 ዓ.ም. በሠፈራው ጊዜ ከወሎ ከወላጆቻቸው ጋር የመጡና ኢሉባቦር ያሳደገቻቸው ሰው ናቸው። ማቀዝቀዣው በዚያ ዓመት አራት ጊዜ ተበላሸ። ሦስቱን ጊዜ በእርግጥ ተበላሽቶ እንደነበር እስከ ዛሬ አልተጣራም። በ1995 ዓ.ም. በሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ፊት ኒካህ አሠሩ። በ1997 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጃቸው ሀያት፣ በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በቅድመ አያቱ ስም የተጠራው ኢክረማ ተወለዱ።

ሀያት በተወለደችበት ዓመት ዶክተር ጣሂራ ወደ መቱ ተዛውረው በአንድ የእናቶችና የሕፃናት ክሊኒክ መሥራት ጀመሩ። ክሊኒኩ በዚያን ሰሞን አንድ ትንሽ የአልትራሳውንድ ማሽን አግኝቶ ነበር። ማሽኑ ያረጀ፣ መብራት ሲዋዥቅ የሚያኮርፍ ነበር። እሳቸው ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ወደዱት። የሚነካው ሰው እጁን እንዲታጠብ ያዝዙ ነበር፤ ማታም ብርድ ልብስ አልብሰውት ነው የሚሄዱት። ባለቤታቸው አቶ እንድሪስ "እኔን እንኳ ሲበርደኝ የሚያለብሰኝ የለም" እያሉ ይቀልዱ ነበር።

ከዚህ በታች ያለውን ነዚፍ መጻፍ አልፈለገም ነበር። ያጻፉት ባለታሪኳ ራሳቸው ናቸው።

በሚያዝያ ወር 1998 ዓ.ም. ወይዘሮ ዋሪቱ የሚባሉ ወጣት እናት ከሶር ፏፏቴ አካባቢ የአምስት ወር ሴት ልጃቸውን ይዘው መጡ። የልጅቷ ስም ኡርጂ ነው፤ ኮከብ ማለት ነው። የመጡት ለሳል ነበር፤ አማታቸውም አብረዋቸው ነበሩ። ዶክተር ጣሂራ የሕፃኗ ራስ ከሰውነቷ ጋር እንዳልተመጣጠነ አይተው ጥርጣሬ ገባቸው። የሕፃን እርግብግቢት እስኪደፈን ድረስ፣ በዚያ አጥንት በሌለው ለስላሳ ቦታ በኩል አንጎሉን በአልትራሳውንድ ማየት ይቻላል። የኡርጂ እርግብግቢት ላይ ግን እንደ አገሩ ወግ ለጋ ቅቤ ተደርጎ ነበር።

ያ ቅቤ ለጌጥ የሚደረግ አይደለም። ልጅን ከብርድና ከክፉ ዓይን ይጠብቃል ተብሎ የሚታመንበት፣ እናት ወይም አያት ካልሆነች ሌላ ሰው የማይነካው ነው። ዶክተር ጣሂራ ይህን አላውቅም ሊሉ አይችሉም። ከዓመት በፊት የገዛ እናታቸው ወይዘሮ ዘህራ የሀያትን ራስ እንዲሁ ሲቀቡ አይተው፣ የሕክምና ዲግሪያቸውን ኪሳቸው ከትተው ዝም ብለዋል። እናታቸውን ያልደፈሩትን ዋሪቱን ግን ደፈሩ። የዚያን ቀን ወረፋው ረጅም ነበር፤ መብራትም እንዳይጠፋ ተፈርቷል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሳቸውም ምንም ሳይናገሩ፣ ምንም ሳይጠይቁ፣ በአልኮል ጥጥ ቅቤውን ጠርገው ጥጡን ቅርጫት ውስጥ ጣሉት።

የማሽኑን መመርመሪያ በሕፃኗ ራስ ላይ አሳርፈው ለጥቂት ሰከንድ አዩ። በአንጎል ውስጥ ያሉት የውሃ ክፍሎች ከመጠን በላይ ሰፍተው ነበር። ውሃው መውጫ አጥቶ እየተጠራቀመ ነው ማለት ነው። በዚህ መሃል አያትየው "ሂን ቱቂን፣ አትንኪ!" ብለው ሕፃኗን ከአልጋው አነሷት። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞረው "ይቺ ሐኪም እናት የላትም እንዴ?" አሉና ከምራታቸው ጋር ወጥተው ሄዱ። ዶክተር ጣሂራ ተከትለው መሮጥ ይችሉ ነበር፤ በሩ አሥር እርምጃ አይርቅም። እሳቸው ግን ከአጠገባቸው ለነበሩት ነርስ ለሲስተር ዲሪቤ "ይመለሳሉ" ብለው ቀጣዩን ታካሚ አስጠሩ።

አልተመለሱም። ካርዱ ላይ የተጻፈው "ዋሪቱ፣ ሶር" ብቻ ነበር። ዶክተር ጣሂራና ሲስተር ዲሪቤ ሁለት ጊዜ ወደ ሶር ወርደው በየመንደሩ ጠየቁ። ሦስት ዋሪቱዎች አገኙ፤ አንዷ ያላገባች፣ አንዷ የልጅ ልጅ ያየች፣ ሦስተኛዋ ደግሞ አራት ወንድ ልጆች ብቻ ያሏት ነበሩ። የሚፈልጓቸው ዋሪቱ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በራሳቸው እግር መጡ። በእነዚያ ስምንት ወራት የኡርጂ ራስ ብዙ አድጎ፣ ዓይኖቿ ሰውን መከተል አቁመው ነበር። በማግስቱ ዶክተር ጣሂራ ራሳቸው አዲስ አበባ ይዘዋቸው ሄዱ። ቀዶ ሕክምናው ተሳክቶ ውሃው በቱቦ እንዲወጣ ተደረገ፤ ልጅቷም ዳነች። ዓይኖቿ ግን አልተመለሱም።

የሥራ ባልደረቦቻቸው ነገሩን እንዳያነሱ መከሯቸው። በሽታው የእሳቸው ጥፋት አይደለም፤ የሄዱት ቤተሰቦቹ ናቸው፤ ታዲያ ምን ተብሎ ይነገራል? ዶክተር ጣሂራ ግን ዋሪቱን አጠገባቸው አስቀምጠው በአፋን ኦሮሞ ነገሯቸው። በመጀመሪያው ቀን በሽታውን አይተውት እንደነበር፣ እነሱን ያሸሻቸው የእሳቸው እጅ እንደሆነ፣ በጊዜ ቢደረስ የልጅቷ ዓይን ሊተርፍ ይችል እንደነበር አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። ዋሪቱ "ቅቤውን ሲጠርጉት ልጄን እርቃኗን ያስቀሩብኝ መሰለኝ። ይህን ባይነግሩኝ አላውቅም ነበር። ለምትመጣዋ እናት ግን እንዲህ አያድርጉባት" አሉ። ዶክተር ጣሂራ ከዚያ በኋላ የኖሩት አሥራ ዘጠኝ ዓመት በሙሉ ለዚህች አንዲት ዐረፍተ ነገር የተሰጠ መልስ ነው።

መልሱን በመጀመሪያ ያገኙት ግን እሳቸው ሳይሆኑ ሲስተር ዲሪቤ ናቸው፤ ይህም እንዲጻፍ አዘዋል። ሲስተር ዲሪቤ ያሉት ቀላል ነገር ነው፦ ቅቤው ይጠረግ፤ የሚጠርገው ግን የእናት እጅ ይሁን። እናት እጇን ትታጠባለች፣ ራሷ በንጹሕ ጨርቅ ትጠርጋለች፤ ሐኪሟ ምስሉ እንዲታይ የሚቀባውን ጄል በእጇ መዳፍ አሙቃ ትቀባለች፤ ማሽኑ ወደ እናት ፊት ይዞራል፤ ሲያልቅም እናት ወይም አያት ከቤት የያዘችውን ለጋ ቅቤ መልሳ ትቀባለች። ሥራው ከስድስት ደቂቃ አይበልጥም። ከአልጋው በላይ ባለው ግድግዳ ላይ "ዱረ ሀርከ ሃዻ" ተብሎ ተጻፈ፤ ሥሩ በአማርኛ "መጀመሪያ የእናት እጅ" ተባለ። ካርዱም ተለወጠ። ከስሙ ሥር "ቤቷ በየት በኩል ይኬዳል?" የሚል ሰፊ ቦታ ተጨመረበት። እዚያ ላይ ድልድዩ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ የቆርቆሮው ቀለም፣ ውሻ መኖር አለመኖሩ ሳይቀር ይጻፋል። ወንድማቸው ይህን ካርድ አይቶ "ሐኪም ነሽ ወይስ ፖስታ ቤት?" ቢላቸው "ፖስታ ቤት ብሆን ኖሮ ዋሪቱን አገኛት ነበር" ብለው መልሰውለታል።

በ2000 ዓ.ም. ለስፔሻሊቲ ትምህርት አዲስ አበባ ገብተው በ2004 ዓ.ም. በራዲዮሎጂ ተመረቁ። ቀጥለውም ሕንድ አገር ሄደው በማህፀን ውስጥ ያለ ጽንስና የሕፃናት አንጎል ምስል ላይ አንድ ዓመት ሠለጠኑ። እዚያው እንዲቀሩ፣ አዲስ አበባም እንዲሠሩ ተጠይቀዋል። በ2006 ዓ.ም. መቱ ሲመለሱ ከተማው ግራ ገባው። ይህን ያህል የተማረ ሰው እኛ ጋ ምን ይሠራል የሚለው ጥያቄ በየሱቁ ይዞር ነበር፤ ከሁሉም በላይ የዞረው ደግሞ በገዛ ወንድማቸው ሱቅ ነው። እሳቸው የሰጡት መልስ "ልኬቱ ያለው እዚህ ነው" የሚል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጽንስም ሆነ የሕፃን አንጎል ጤናማ ነው አይደለም ለማለት የሚነጻጸርበት የመጠን ሰንጠረዥ ያስፈልጋል። ክሊኒኩ ሲጠቀምበት የነበረው ሰንጠረዥ በሌላ አገር ልጆች የተሠራ ነው። ዶክተር ጣሂራ የዚህን አገር ልጆች በዚህ አገር ለመለካት ተነሡ። ከመቱ፣ ከጎሬ፣ ከኡካና ከሶር ዙሪያ የመጡ እናቶችን ከአምስተኛው የእርግዝና ወር ጀምረው፣ ከወሊድ በኋላም እርግብግቢት እስኪደፈን ድረስ ተከታተሉ። በስምንት ዓመት ውስጥ የ1,386 ልጆችን አንጎል፣ ብዙዎቹን ከመወለዳቸው በፊትም ከተወለዱ በኋላም፣ ለክተዋል። እያንዳንዱን ልኬት ሦስት ጊዜ ይወስዱ ነበር። ሦስቱ ካልተስማሙ የሚመቸውን አይመርጡም፤ እናትየዋን አሳርፈው እንደገና ይጀምራሉ። ረዳቶቻቸው ሲሰለቹ የአባታቸውን ነገር ያነሱባቸዋል፦ ጨርቅ ሲለካ አይሳብም።

ይህ ሥራ ሲጀመር ውሃ በጭንቅላታቸው የተጠራቀመባቸው የአካባቢው ልጆች ለቀዶ ሕክምና የሚደርሱት በአማካይ በስምንተኛ ወራቸው ነበር። ጥናቱ ሲጠናቀቅ ከሁለት ወር በታች ሆነ። ችግሩ ገና በማህፀን የታየባቸው አርባ አንድ እናቶች የት እንደሚወልዱ አስቀድሞ ተወስኖላቸው ወልደዋል። በጥናቱ ከተከታተሏቸው ልጆች መካከል፣ እንደ ኡርጂ ታይቶ ሳለ ጠፍቶ የቀረ አንድም ልጅ የለም። ይህን ነዚፍ በኩራት ነው የሚጽፈው፤ ትሕትናው የሟች እንጂ የእሱ አይደለም።

የገጠር እናቶች እሳቸውን ዶክተር ብለው አይጠሯቸውም ነበር። "ኢንተለ ኢርሻድ"፣ የኢርሻድ ልጅ፣ ነበር የሚሏቸው። የቅቤው ነገር ከገበያ ገበያ ተወርቶ፣ አያቶች ራሳቸው ምራቶቻቸውን እየጎተቱ የሚመጡበት ጊዜ ሆነ። ያኔ "እናት የላትም እንዴ" ያሉት የኡርጂ አያትም ከሶር አሥራ አንድ ነፍሰ ጡሮችን በተለያየ ጊዜ አምጥተዋል። በየጊዜውም ማሽኑ አጠገብ ቆመው ሐኪሟ እጇን መታጠቧን ይቆጣጠሩ ነበር። መንገድ ለራቃቸው እናቶች አቶ እንድሪስ ማሽኑን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በሞተር ብስክሌት ጭነው፣ ባትሪውን በሌላ ሞተር አስጭነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ኡካ ይወስዱላቸው ነበር። በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ወድቀዋል፤ የተሰበረው የእሳቸው ክንድ ነው፤ ማሽኑ ደህና ነበር። ዶክተር ጣሂራም መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ማሽኑ መሆኑን አልካዱም።

በ2011 ዓ.ም. አዲስ አበባ በተደረገ የሐኪሞች ጉባኤ ላይ ገና በመካሄድ ላይ የነበረውን ጥናታቸውን እንዲያቀርቡ ተጋበዙ። ነዚፍም አዲስ ኮት አሰፍቶ አብሮ ሄደ። መብራቱ ደብዝዞ የመጀመሪያው ምስል ግድግዳው ላይ ሲበራ፣ ሰንጠረዥ ወይም የአንጎል ፎቶ ይጠብቅ የነበረው አዳራሽ ያየው አንድ ያረጀ ካርድ ነው። "ዋሪቱ፣ ሶር" ይላል፤ ሌላ ምንም የለበትም። ዶክተር ጣሂራ ያንን ካርድ ይዘው ስህተታቸውን ከጥጡ ጀምሮ ለሦስት መቶ ሐኪም ተረኩ። ወንድማቸውን በአዲሱ ኮት ውስጥ ላብ አጠመቀው። ሲጨርሱ ግን አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ተነሥተው ጥያቄ በመጠየቅ ፋንታ የራሳቸውን ስህተት ተናገሩ፤ ቀጥሎ ሌላው፣ ቀጥሎም ሌላዋ። የዚያን ቀን ስብሰባው ምሳ ሰዓት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ ባስተማሩበት ሁሉ፣ በከተማችን ዩኒቨርሲቲም ጭምር፣ የመጀመሪያው ትምህርታቸው ያ ካርድ ነበር።

ዶክተር ጣሂራ ሰላታቸውን የማያጓድሉ፣ ቀጠሮ የማያረፍዱ፣ ሲናደዱ ደግሞ ድምፃቸውን ከፍ በማድረግ ፋንታ የሚቀንሱ ሰው ነበሩ። ያ ዝቅ ያለ ድምፅ የደረሰበት ያውቀዋል። ወጥ ሲሠሩ ጨው ይረሱ ነበር። ልጆቻቸውን ኮስተር ብለው አሳድገው የሌላውን ልጅ ያሞላቅቁ ነበር። ኡርጂን ትምህርት ቤት ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ብሬል የሚያስተምር ሰው እስኪገኝ ድረስ መጽሐፍ ገዝተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ፊደሉን በጣታቸው ተምረው አስተማሯት። በስድስት ወር ውስጥ ተማሪዋ አስተማሪዋን በለጠች፤ ዶክተር ጣሂራም መበለጥን በጸጋ የተቀበሉት በሕይወታቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ኡርጂ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ከሰኞ እስከ ዓርብ በቤታቸው፣ ቅዳሜና እሑድ በእናቷ ቤት እየኖረች፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ማንበብና መጻፍ ችላ፣ ዛሬ የዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት።

በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ዶክተር ጣሂራ ሕመም ተሰማቸው። የራሳቸውን የሆድ ምስል ራሳቸው አነበቡት። አጠገባቸው የነበሩት ሐኪም ነገሩን ለማለስለስ ሲሞክሩ ልኬቱን በሚሊሜትር ነግረዋቸው ሥራቸውን ቀጠሉ። በጉበታቸው የተነሣው ካንሰር ተስፋፍቶ ነበር። ሕክምናቸውን በአዲስ አበባ እየተከታተሉ እስከ ሐምሌ ወር ድረስ ሳያቋርጡ ሠርተዋል። ማሽኑን ላሠለጠኗቸው ሁለት ወጣት ሐኪሞች ያስረከቡት ከነብርድ ልብሱ ነው።

በዚህ ዓመት በመስከረም ወር ነዚፍን አስጠሩና የሕይወት ታሪካቸውን ጽፎ እንዲያነብላቸው አዘዙ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወት ላለ ሰው አይጻፍም ብሎ ቢለምናቸውም አልሰሙትም። ጽፎ አመጣ። ስለ ጥናቱ፣ ስለ ሰንጠረዡ፣ ስለ ሕንድ አገር አሳምሮ ጽፏል። ሰምተው ሲጨርሱ "ኡርጂስ?" አሉት። የለቅሶ ቀን የሚነበብ ወረቀት ላይ ስህተት አይጻፍም፤ ሰው ምን ይላል፤ እናታችንስ እንዴት ትሰማዋለች አላቸው። እሳቸውም ያንን ዝቅ ያለ ድምፅ አወጡ። "ጨርቁን ስበኸዋል፣ ነዚፍ። ያለ ስህተቴ የኔ ሥራ ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አንተ ብትለቀው እንኳ ወረቀቱ ይያዘው።"

ሁለት ቀን ተጣሉ። እንዲያውም ከልጅነት ወዲህ እንደዚያ ተጣልተው አያውቁም። በሦስተኛው ቀን ነዚፍ የመጨረሻ መከላከያውን አቀረበ፦ ታሪኩ የኡርጂም ነው፤ ልጅቷ ካልፈቀደች አይጻፍም። ዶክተር ጣሂራ ይህን ሲሰሙ ደስ አላቸው። ኡርጂ ተጠራች። እሷም "ሰምቼ አልፈቅድም፤ ራሴ አንብቤ ነው" አለች። ስለዚህ ነዚፍ ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር አስጻፋት፤ እሷም በብሬል ወጋችው። የራሷ ዓይን የጠፋበት ቦታ ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ሁሉም የሚያለቅሱ መስሏቸው ነበር። እሷ ግን "ጋሼ ነዚፍ፣ ዓይኗ አልተመለሰም ብቻ ነው ያልከው። ልጅቷ ዳነች የሚለውን አስቀድም" አለችው። ዶክተር ጣሂራ ከአልጋቸው ሆነው ሳቁ፤ ቀጥለውም አለቀሱ። ዐረፍተ ነገሩ ቅድም እንደሰማችሁት ሆኖ ተስተካክሏል።

ዶክተር ጣሂራ ረቡዕ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም. ከአስር ሰላት በኋላ፣ በተወለዱ በ51 ዓመታቸው፣ በመቱ ከተማ በመኖሪያ ቤታቸው፣ እናታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ወደ አኺራ ሄዱ።

ዛሬ ጠዋት አስከሬኑን የሚያጥቡት ሴቶች ውሃውን አዘጋጅተው ሊጀምሩ ሲሉ ሲስተር ዲሪቤ በሩ ላይ ሆነው "መጀመሪያ የእናት እጅ" አሉ። ሴቶቹ ከአልጋው ራቅ አሉ። የሰባ ስምንት ዓመቷ ወይዘሮ ዘህራ እጃቸውን ታጥበው የልጃቸውን ራስ በመዳፋቸው አጠቡ። ውሃውን ያፈሰሱላቸው ወይዘሮ ዋሪቱ ነበሩ።

ዶክተር ጣሂራ እናታቸውን ወይዘሮ ዘህራ ነስሩን፣ ባለቤታቸውን አቶ እንድሪስ ይማምን፣ ልጆቻቸውን ሀያት እንድሪስንና ኢክረማ እንድሪስን እንዲሁም ወንድማቸውን ነዚፍ ኢርሻድን በሕይወት ትተው አልፈዋል። ከኡካ እስከ ጎሬ በየቤቱ ያሉት 1,386 ልጆች አብዛኞቹ ዛሬ ተማሪዎች ናቸው፤ እርግብግቢታቸው ከተደፈነ ቆይቷል፤ እሳቸውንም አያስታውሷቸውም። እናቶቻቸው ግን ያስታውሷቸዋል፤ ግቢው ሞልቶ መንገድ ላይ የቆማችሁት እናንተ ናችሁ።

ነዚፍ ይህን ጽሑፍ ራሱ እንዲያነብ ታስቦ ነበር። እህቱ ግን ሌላ ሰው መርጠዋል፤ ሽማግሌዎቹም ፈቅደዋል። የመጨረሻውን ገጽ ዛሬ ማለዳ፣ የሞቱበትን ቀን ጨምሮ፣ በራሷ እጅ የወጋችው፣ ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ እስከ አሁን ድረስ በጣቶቿ እየዳሰሰች ያነበበችላችሁ ኡርጂ ናት።

አላህ የእህታችንን ጥፋት ይቅር ብሎ መልካሙን ሥራቸውን ይቀበልላቸው፤ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፤ በጀነት ከአባታቸው ከአቶ ኢርሻድ ጋር ያገናኛቸው። ለእናታቸው ሰብር ይስጥልን። አሚን።